ካቢኔ ውስጥ የተቆለፈ እቅድ
ሦስት መቶ ገጽ የአደጋ ጊዜ እቅድ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ከዚያ ካቢኔ ውስጥ ይቆለፍበታል። ምድር ስትንቀጠቀጥ ቁልፍ ያዡ ራሱ ፍርስራሽ ስር ሊሆን እንደሚችል ማን አሰበ? ስልክ ቁጥሮቹማ አይነሱ! ግማሾቹ ጡረታ የወጡ ኃላፊዎች ናቸው፤ የቀሩት ሞባይል ብቻ። መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማው ባትሪ ስንት ሰዓት ሊቆይ ነው?

ጄኔሬተር ምድር ቤት ማስቀመጥም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ፣ ፉኩሺማ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ላይ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን ሱናሚው የዋጣቸው አብዛኞቹ ታች ስለነበሩ ነው። ይህ ታይቶም አልተማርንም።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ውሃው ነው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብንል፣ 10,000 ተፈናቃይ 150,000 ሊትር ይፈልጋል። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 15 ምልልስ፣ ያውም በየቀኑ! እቅዱ ላይ የሰፈረው «በቂ ውሃ ይቀርባል» የምትል አንዲት መስመር ናት። ቦቴው የማን ነው? የነዳጁን ወጪ ማን ይፈርማል? ድልድዩ ከተሰበረስ በየት ዞሮ ይመጣል?

ልምምዱማ ቀኑ ከሳምንት በፊት ተነግሮ፣ ሁሉም አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ፎቶ የሚነሳበት ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሳይነገር፣ ስልክ ተዘግቶ ይሞከር።