ለተማሪዎች ክበብ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው

በመሀል አዲስ አበባ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተማሪ ክበብ እየሞተ ነው። በወረቀት ላይ አለ። ግድግዳ ላይ ዝርዝሩ ተለጥፏል፦ ሚኒ ሚዲያ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ የልጃገረዶች ክበብ። ተማሪውን ግን «አንተ የየትኛው አባል ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙው ቆም ብሎ ያስባል። መስከረም ላይ ስሙን አስመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠርቶት አያውቅም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ክበብ በሳምንቱ የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ የራሱ ክፍለ ጊዜ ይኑረው። እንደ ሒሳብና እንደ ባዮሎጂ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍለት። ክበቡን የሚያግዘው መምህርም ያቺ ሰዓት ከማስተማር ጭነቱ ላይ ትቆጠርለት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በቅርቡ የተቀመጥኩበት የወላጆች ስብሰባ ነው። መሀል ከተማ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ ሚኒ ሚዲያ እያለች ጊዜዋን እየጨረሰች ነው፤ ዘንድሮ ይቅርባትና መጽሐፏን ትያዝ» አሉ። ብዙ ወላጅ ደገፋቸው። አንዲት እናት እንዲያውም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከማንኛውም ክበብ እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። ከመድረክ የተቃወመ አልነበረም።

ወላጆቹ ላይ አልፈርድም። ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ ልጁ ድራማ ሲለማመድ ቢያይ ደሙ ቢፈላ አይገርምም። ቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ ማታ አስጠኚ፣ እሁድ የአለፉት ዓመታት ጥያቄዎች። ልጁ መተንፈሻ አጥቷል፤ ወላጁም ኪሱ ተራቁቷል።

ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ውጤቱ የወደቀው ክበብ በዝቶ ነው እንዴ? ክበቡማ ከፈተናው በፊት ነው የተዳከመው። ብዙዎቹ ልጆች ያደጉት ያለ ሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ ያለ ክርክር፣ ያለ ግድግዳ መጽሔት ነው። ጊዜያቸውን ክበብ አልበላውም። ስለዚህ የሌለ ነገር በመቀነስ ውጤት እናሳድጋለን ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ደግሞ የፈተናው ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚመለስ አይደለም። ረጅም ምንባብ አንብቦ ነገሩን መለየት ይጠይቃል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በሳምንት አንድ ቀን ለክርክር የሚዘጋጅ ልጅ ያነባል። ተቃራኒው ወገን ምን ሊል እንደሚችል ያስባል። ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ያልገባውን ነገር ራሱ ያውቀዋል። ይህን የሚሠራ ማጠናከሪያ ክፍል እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ፋይሉ ልምጣ። የትምህርት ቤት ክበብ ከምንም በላይ የሚኖረው በፋይል ውስጥ ነው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ክበባት አሉ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ማኅደሩ ይቀርባል። ከአባላት ዝርዝር ጋር ዓመታዊ ዕቅድ አለ፤ ቃለ ጉባኤም አለ። አንድ መምህር ወዳጄ አንዱን ማኅደር ከፍቶ አሳይቶኛል። የጥቅምት፣ የታኅሣሥና የመጋቢት ቃለ ጉባኤዎች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ ምናልባትም በአንድ ከሰዓት የተጻፉ ናቸው። በሦስቱም ላይ የተገኙት ሰዎች ስም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ተደርድሯል። «ስብሰባው 10:00 ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ» ይላል ሦስቱም። መምህሩ አልዋሸሁም አላለም። «ምን ላድርግ? የምሰበስብበት ሰዓት የለኝም። ፋይሉ ግን ከሌለ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለኝ። የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ሞልቷል፣ የክፍል ኃላፊ ነው፣ ፈተና ያርማል። ክበቡ በዚህ ሁሉ ላይ የተጫነበት ነው፤ አምስት ሳንቲም አይከፈለውም። በዚህ ሁኔታ መምህሩን መውቀስ ግፍ ነው። የሰዓት ጉዳይ ሳይፈታ የሚላክ መመሪያ ሁሉ የሚያፈራው እንዲህ ያለውን ቃለ ጉባኤ ነው።

ሌላው ችግር ክበቡ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በ1990ዎቹ ፀረ ኤድስ ክበብ ያልነበረበት ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ከነድራማው፣ ከነግጥሙ፣ ከነጥያቄና መልሱ። በእውነትም ብዙ ልጆችን አስተምሯል። በየትምህርት ቤቱ ስለ ኮንዶምና ስለ ምርመራ በግልጽ የተወራው በእነዚያ ክበባት ነው፤ ቤት ውስጥ ማን ያወራ ነበር? ከፕሮጀክት ይመጣ የነበረው ገንዘብ ሲቀንስ ግን ብዙዎቹ የውሃ ሽታ ሆኑ። የፌደራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ የሥነ ምግባር ክበብ መጣ። ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በየትምህርት ቤቱ የራሱ ክበብ እንዲኖረው ይፈልጋል። ዓላማቸው መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን የክበቡ ስምም ዕቅዱም ከላይ ከመጣ፣ የ16 ዓመት ልጅ ምን ብሎ የእኔ ነው ይበል? ቼስ የሚወድ ልጅ አለ። ፎቶ ማንሳት የሚወድ አለ። ስልክ ፈታቶ መግጠም የሚችል፣ በኮሚክ ሥዕል ደብተሩን የሞላ አለ። እነዚህ ልጆች አምስት ስድስት ሆነው መጥተው «ክበብ እናቋቁም» ቢሉ የሚሰማቸው ሊኖር ይገባል። አምስት ሕያው ክበብ ከሃያ የወረቀት ክበብ ይሻላል።

ሕያው ክበብ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ጓዳ ናት። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ማይክ፣ በር ላይ የተሰቀለ ሞንታርቦ። ዕረፍት ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ዜናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ታነባለች። «ተሸላሚ ሆነዋል» የሚለውን ሰርዛ «ተሸልመዋል» ብላ ትጽፋለች። ከጎኗ ያለው ልጅ «ቀስ በይ፣ ትሮጫለሽ» ይላታል። ደወሉ ይደወላል፤ ማይኩን ትከፍታለች። ግቢው ውስጥ ኳስ የሚያባርረው፣ ሳምቡሳ የሚገዛው፣ ጥግ ይዞ የሚስቀው ሁሉ ድምፅዋን ይሰማል። የሚያዳምጣት ጥቂት ነው። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል ታስብበታለች፤ አንዲት የተሳሳተች ስም ብትጠራ ሙሉ ሳምንት እንደሚቀልዱባት ታውቃለች። ለቃል መጠንቀቅ የሚማሩት እንዲህ ነው። የክበቡ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በተማሪ ድምፅ ነው የተመረጡት። ገንዘብ ያዧ ለባትሪ የተዋጣውን ብር ቆጥራ ታስረክባለች። ሥነ ዜጋ መጽሐፍ ላይ ያለው ተጠያቂነት እዚህ ብር ሆኖ ይቆጠራል።

«ታዲያ ከትምህርት በኋላ ይሰብሰቡ» የሚል ይኖራል። በመሀል አዲስ አበባ ይህ ለማን እንደሚሠራ እናስብ። ብዙው ተማሪ የሰፈር ልጅ አይደለም። የፒያሳ፣ የአራት ኪሎና የካዛንቺስ ነዋሪ ባለፉት ዓመታት በልማት ምክንያት ወደ ዳር እየወጣ ነው። ሰፈሩ የተነሣ፣ ትምህርት ቤቱን ግን ያልቀየረ ልጅ አለ። ከትምህርት ሲወጣ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀዋል። አንድ ሰዓት ከዘገየ ሰልፉ እጥፍ ይሆናል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ቤት ስትደርስ እራት የምትሠራው፣ ታናናሾቿን የምታየው እሷ ናት። ሲመሽባት እናቷ ትጨነቃለች፤ መጨነቋም ልክ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚካሄድ ክበብ በተግባር ቤታቸው ቅርብ ለሆነና ሥራ ለማይጠብቃቸው ወንዶች የተዘጋጀ ክበብ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የተያዘ ሰዓት ግን ሁሉንም እኩል ያገኛል።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው አጥር ለአጥር ባሉ ትምህርት ቤቶች ነው። ከፍ ያለ ክፍያ በሚጠይቁት የግል ትምህርት ቤቶች ክበብ የማስታወቂያቸው አካል ነው። ሮቦቲክስ፣ ሙዚቃ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ አምሳያ ክርክር። ሰዓት አላቸው፣ አሰልጣኝ አላቸው። እነዚያ ወላጆች ክበብ ጊዜ ያባክናል ብለው ቢያስቡ ኖሮ ባልከፈሉበት ነበር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ነው «አንተ መጽሐፍህን ብቻ ያዝ» የሚባለው። ነገ ለሥራም ለነፃ የትምህርት ዕድልም አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ያኔ «ከትምህርት ውጭ ምን ሠራህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንደኛው ብዙ ያወራል፤ ሁለተኛው ዝም ይላል። ይህ ያናድደኛል።

የሚያሳዝነው ደግሞ መሀል ከተማው ለክበብ የተፈጠረ ያህል መሆኑ ነው። ግቢው ቢጠብም ዙሪያው ሀብታም ነው። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ሉሲ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ፒያሳ ወረድ ሲሉ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። የታሪክ ክበብ ያለው አንድ የአካባቢው ትምህርት ቤት አውቶቡስ አይከራይም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፤ በእግር ይደርሳል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ራሱ ታሪክ ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ከጣሊያን ወረራ በፊት በዚህችው ከተማ መምህር ሆነው ለተማሪዎቻቸው መዝሙርና ቴአትር ይደርሱ ነበር። የአማርኛ ቴአትር ሲጀመር አንዱ መድረኩ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው።

አንድ ሳይነገር የሚቀር ምክንያትም አለ። አስተዳደሩ የተሰበሰበ ተማሪ ይፈራል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ከወጡ ወዲህ፣ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪውም ተከትሎ ከገባበት ወዲህ፣ የተማሪ ስብስብ ለእያንዳንዱ መንግሥት ሥጋት ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ የሚኒ ሚዲያ ጽሑፍ ማኅተም ካልተመታበት አይነበብም። የግጥም ምሽት «ለጊዜው ይቆይ» ይባላል። ይገባኛል፤ ርዕሰ መምህሩም የሚጠይቀው አለቃ አለበት። ነገር ግን ልጆቹ መሰብሰባቸውን አላቆሙም። ቴሌግራም ላይ ናቸው፣ ቲክቶክ ላይ ናቸው። እዚያ የሚያርማቸው መምህር የለም፤ ሐሳቡን ያልወደዱትን ሰው ዓይኑን እያዩ መልስ መስጠትም አይማሩም። በግቢው ውስጥ፣ መምህር ባለበት፣ ፊት ለፊት ቢከራከሩ ለማንም ይሻላል።

ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁሉም ክፍል በአንድ ሰዓት ለክበብ ቢወጣ መማሪያ ክፍሎቹ ራሳቸው የክበብ ክፍል ይሆናሉ፤ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ልጁም በየዓመቱ የፈለገውን አንድ ክበብ ይምረጥ፤ በስም ብዛት አይጫን። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ይቅርልኝ ቢል ይቅርለት። የ9ኛና የ10ኛ ክፍሉን ግን አንንካባቸው፤ የሚወዱትን የሚያገኙት በዚያ ዕድሜ ነው።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ላይ ነው። መስከረም ከጠባ በኋላ አንዲት ሰዓት ማስገባት ጭቅጭቅ ነው፤ መምህሩ ሁሉ ክፍለ ጊዜውን ተከፋፍሏል። ስለዚህ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ወላጆች ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ በሉ። የክበብ ፋይል አሳዩን አትበሉ። የሳምንቱን ፕሮግራም አምጡ በሉና ክበብ በየትኛው ቀን፣ ስንተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንደተጻፈ ጠይቁ። ካልተጻፈ እዚያው ተቀምጣችሁ አጽፉት።