ፊት ከማንበብ መጠየቅ

ቢሮ ውስጥ ብዙዎቻችን አስተያየት አንጠይቅም፣ ፊት ነው የምናነበው። አለቃዬ ዛሬ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ አለብኝ፣ ሪፖርቱን አልወደዱትም ማለት ነው፣ ለኢሜይሌ "እሺ" ብቻ ብለው መለሱ፣ በቃ ተበላሽቷል... እንዲህ ስንገምት እንውላለን እንጂ ገባ ብለን "የቱ ጋ ነው ያልጣመዎት?" አንልም።

ይሄ ልማድ ፈጠራችንን እየገደለው ነው ብዬ አምናለሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የደ ስቶብለር፣ የአሽፎርድና የባየንስ ጥናት አለ፣ በ4 አማካሪ ድርጅቶች 456 ሠራተኞችን ከነአለቆቻቸው ያየ ነው፣ በፈጠራ ከአለቆቻቸው የተሻለ ነጥብ የተሰጣቸው አፍ አውጥተው በቀጥታ ፊድባክ የሚጠይቁት ናቸው። መጠየቁ ነው የፈጠራ ሰው ያደረጋቸው ወይስ ድሮም እንደዛ ስለሆኑ ነው የሚጠይቁት የሚለውን እንዲህ አይነት ጥናት አይለይም፣ እኔ ግን በዲዛይን ሥራዬ ላይ ያየሁት የመጀመሪያውን ነው።

ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኛ ሀገር "ግምገማ" የሚለው ቃል ራሱ ስንት ታሪክ ተሸክሟል፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ ሰው ፊት ቆሞ ጥፋትን መናገር፣ በዛ ላይ በየ6 ወሩ የሚሞላው የአፈጻጸም ነጥብ። ስለዚህ አስተያየት ሲባል ነጥብ መቀነስ ነው የሚታየን፣ እንደዛ የሚፈራ ሰው ደግሞ አምና ያለፈለትን ነገር ነው ዘንድሮም ይዞ የሚመጣው። አለቆች ሰው ረቂቅ ይዞ ሲመጣ የሰማችሁትን ፎርሙ ላይ አትጻፉበት፣ እባካችሁ። ክሉገርና ደኒሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ከሲሶ በላይ በሚሆነው ጊዜ ፊድባክ ሥራን ጭራሽ አውርዶታል፣ በተለይ ሥራውን ትቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር።

ደግሞ የሚጠየቀው አለቃ ብቻ አይደለም። አንዴ ለቡና ማስታወቂያ አንዲት ሴት መስኮት ስር ሲኒ ይዛ የተቀመጠችበት ፖስተር በእርሳስ ነድፌ ገና ቀለም ሳልነካው ሂሳብ ክፍል ላለች ልጅ አሳየኋት፣ "አሪፍ ነው" ብላ እንዳትሸኘኝ ብዬ "ምኑ ነው የቀፈፈሽ?" ነው ያልኳት። ትንሽ አየችውና "ቡናዋን ብቻዋን ነው እንዴ የምትጠጣው?" አለችኝ። ሳምንት ሙሉ ስለ ብርሃኑና ስለ ፊደሉ ስጨነቅ ይሄ አንዴም አልታየኝም ነበር። ጎረቤቶቿን ጨምሬ፣ ረከቦቱን መሀል አድርጌ እንደ አዲስ ነደፍኩት፣ ደንበኛው የወሰደው እሱን ነው።