ድምፁ ከአፉ በኋላ ሲመጣ

ኧረ በሕግ አምላክ! በዚህ ዘመን ምስልና ድምፅ አብረው አይሄዱም ሲባል ማን ያምናል? ሰውዬው አፉን ከፍቶ ይዘጋል፤ ድምፁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በሩ ተዘግቶ ካበቃ በኋላ ነው ጓ የሚለው። ይህን ሁሉ የሚያመጣው አንድ ብሉቱዝ ስፒከር ነው።

«ትንሽ ቢዘገይ ምን አለበት?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አለበት እንጂ! የእናቴ ጆሮ ከከበደ ቆይቷል። ሰው ሲያወራ ከንፈሩን እያየች ነው የምትከተለው። ከጆሮዋ የጎደለውን ዓይኗ ይሞላላታል። ከንፈርና ድምፅ ሲለያዩ ግን ዓይኗ አንድ ነገር ይላታል፣ ጆሮዋ ሌላ። ያኔ ሁለቱም አይረዷትም።

ስፒከሩን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወርጄ የገዛሁት ድምፁን ወደ እሷ ለማቅረብ ብዬ ነው። ከወንበሯ አጠገብ አስቀመጥኩት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሷ ግን ትንሽ አይታ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያወሩት?» አለችኝ። ድሮ ከቲቪው በሚወጣው ደካማ ድምፅ እንደምንም ትከታተለው የነበረውን ድራማ ተወችው። አንጀቴን ነው የበላችው።

ይህ የእኛ ቤት አመል ብቻ አይደለም፤ የተለካ ነገር ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥሩን አስቀምጦታል። ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊ ሰከንድ (ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው) ያህል ከቀደመ ተመልካች ያውቅበታል። ከዘገየ ደግሞ 125 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ ያስተውለዋል። ለዘገየ ድምፅ የበለጠ የምንታገሠው ተፈጥሮ ስላስለመደን ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ከሩቅ የቆመ ሰው የከበሮውን ምት መጀመሪያ ያየዋል፣ ቀጥሎ ይሰማዋል። 100 ሜትር ከራቀ ወደ 300 ሚሊ ሰከንድ ይዘገይበታል። ማንም አይገረምም፤ ከበሮው ሩቅ ነዋ! እናቴ ግን ሳሎን ውስጥ ናት። ቲቪው ፊት ለፊቷ ነው። የብሉቱዝ ስፒከር መዘግየት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል። ክፉው ሲመጣ፣ እቤቷ ቁጭ ብላ ተዋናዩን ከ100 ሜትር ርቀት እያዳመጠችው ነው ማለት ነው።

ለምን ይዘገያል? ድምፁ መጀመሪያ ይታመቃል፣ ከዚያ በአየር ይላካል። ስፒከሩ እንዳይቆራረጥበት ጥቂት ያጠራቅማል፣ ከዚያ ፈትቶ ያሰማል። ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ ይህ አይታይም። ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለስልኩ ይነግረዋል፤ ማጫወቻውም ምስሉን ያቆይለታል። ያ ግን ሁሉም ዕቃ እርስ በርሱ ከተግባባ ነው። እኛ ቤት ድራማው ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ምስሉ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቲቪ ይሄዳል። ድምፁ በብሉቱዝ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

የሸጠልኝ ልጅ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ዕቃው ኦሪጂናል ነው፤ ቪዲዮህ ነው የተበላሸው» አለኝ። ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩለት። ያው ነው። «እሱማ ብሉቱዝ ሁሉ እንዲህ ነው» አለ። ታዲያ ስገዛ ለምን አልነገርከኝም? ሳጥኑ ላይ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ተጽፏል። ዋቱ ተጽፏል። ውሃ እንደማይጎዳው ተጽፏል። ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚዘገይ ግን አንድ ፊደል የለም። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አምራቹ ያውቀዋል፤ ለክቶታል። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው የማያውቀው።

መፍትሔ የለውም አልልም። ብርቱካናማ ኮን ምልክት ያለውን የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ቪ ኤል ሲን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፓሪስ አጠገብ ተማሪዎች የጀመሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ «ጄ» የምትለዋን ፊደል ስትጫኑ ድምፁ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይቀድማል። «ኬ»ን ስትጫኑ በ50 ይዘገያል። ስፒከሩ በ200 ከዘገየ «ጄ»ን አራት ጊዜ መጫን ነው፤ አፍና ድምፅ ይገጥማሉ። የገጠመ ቀን እማዬ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ድራማዋን ማየት ጀመረች፤ በመሐል ሳቀች። እኔ ነኝ ዕንባዬ የመጣው።

ደስታው ግን የድራማው ክፍል እስኪያልቅ ነው። ቀጣዩ ሲከፈት ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እንደገና «ጄ»፣ እንደገና «ጄ»። ቋሚ ማስተካከያም አለ። ግን ሁሉንም ቅንብሮች የሚያሳየውን ገጽ ከፍቶ፣ ድምፅ በሚለው ሥር ፈልጎ፣ ቁጥሩን በሚሊ ሰከንድ መሙላት ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክቱ ከተረሳ ጭራሽ ይብስበታል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ስፒከሩ እንደ አዲስ ይገናኛል፤ መዘግየቱም አንዳንዴ ከበፊቱ ይለያል። እኔ ሥራ ስውል ይህን ማን ያድርግላት? ለእሷ አንድ ትልቅ ቁልፍ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይህን ያህል ከባድ ነው?

«በጽሑፍ አድርግላት» ያላችሁኝ ወዳጆች አላችሁ። ከየት አምጥቼ? ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያለው የአማርኛ ድራማ እኔ አይቼ አላውቅም። ጆሮው የከበደ ሰው በአገራችን የለም የተባለ ይመስላል። አንዱን ክፍል ራሴ ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩ ጻፍኩላት። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተቀመጠ ፊደላችን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም አንድ ምርጫ ስትሳሳት ገጹ ሁሉ ይጠፋል። እሱንም አስተካከልኩ። እማዬ ማንበብ ታነባለች። ግን መነጽሯን አድርጋ ጽሑፉን ስትከተል ፊቶቹ ያመልጧታል። እሷ ማየት የምትወደው ደግሞ ፊት ነው። ሲያለቅሱ፣ ሲስቁ፣ ሲዋሹ ማየት ነው የምትፈልገው።

ስለዚህ ስፒከር የምትሸጡ ሰዎች፣ እባካችሁ «ለሙዚቃ ነው ወይስ ለፊልም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሙዚቃ ከሆነ መዘግየቱ ማንንም አይጎዳም። ለፊልም ከሆነ ግን ንገሩን። ከመግዛታችን በፊት እዚያው በራሳችን ቪዲዮ እንሞክረው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ለጊዜው በገመድ ላደርገው ወስኛለሁ። ስፒከሩ ከኋላው የኦክስ ቀዳዳ፣ ማለትም የድምፅ ገመድ መሰኪያ፣ አለው፤ በገመድ ሲሆን አይዘገይም። ችግሩ ያየኋቸው ገመዶች ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ ከላፕቶፑ እስከ እማዬ ወንበር አይደርሱም። አምስት ሜትር የሚሆን ደህና የኦክስ ገመድ ጎንደር ውስጥ ያየ ሰው ቦታውን ይጻፍልኝ። ማራኪም ይሁን አዘዞ እመጣለሁ።