ሞቼ ነበር እንዴ?

«ሞቼ ነበር እንዴ?» ከስምንት ወር የሕመም ፈቃድ በኋላ ቢሮ የገባች ባልደረባችን መጀመሪያ የተናገረችው ይሄንን ነው። ወንበሯ ላይ የሌላ ሰው ጃኬት ተንጠልጥሏል። ኮምፒውተሯ የይለፍ ቃሏን አልቀበልም አላት። ለዓመታት የያዘቻቸው ደንበኞች ደግሞ እኔ ጋ ተዛውረዋል። እየሳቀች ነበር ያለችው። እኛ ግን የምንገባበት ጠፋን።

ክፋት አልነበረም። የጡት ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምናውን፣ ኬሞውን፣ ጨረሩን ተራ በተራ አሳልፋ የመጣች ሴት ናት። እንኳን ሥራ ልናበዛባት፣ የያዘችውን ብንቀንስላት ደስ ይለናል። ስለዚህ ስብሰባ አንጠራትም። ከበድ ያለ ሒሳብ ሲመጣ ዓይናችን እሷን ይዘላል። ፋይል ልታነሳ ጎንበስ ስትል ሁለት ሰው ይሮጣል። በሦስተኛው ሳምንት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «ስማ፣ ሐኪሜ ሥራ ፈቅዶልኛል። የከለከላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

ካንሰር የያዘውን ሰው ከሥራው የሚያፈናቅለው ጨካኝ አለቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሐዘኔታም ያፈናቅላል። ያውም ቀስ እያለ፣ ፈገግ እያለ።

እ.አ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ 36 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ተመልክቶ ነበር። ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች መካከል 33.8 በመቶው ሥራ አልነበራቸውም። ካልታመሙት መካከል ሥራ ያልነበራቸው 15.2 በመቶ ናቸው። አቅም ከድቷቸው የቀሩ እንዳሉ ግልጽ ነው። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ግን ያ ጃኬት ትዝ ይለኛል።

ለነገሩ መርዳት ለፈለገ ሰው የሚረዳበት ሞልቷል። ችግሩ፣ እኛ የምናየውና እሷ የምትቸገርበት አይገናኝም። እኛ ፀጉሯን እናያለን። ፀጉር ይበቅላል። ድካሙ ነው ነገሩ። እኛ የምናውቀው ድካም ተኝተው ሲነሱ ይለቃል፤ ይሄኛው አብሮ ይነሳል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ይቆያል። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ደግሞ የእጅና የእግር ጣት ነርቭ ይጎዳሉ። እሷ የኮምፒውተር ቁልፍ ስትነካ ጓንት ያጠለቀች ያህል ነው የሚሰማት። ቁጥር ስታስገባ 5ን ሁለቴ ትመታለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትመታለች። መርሳቱም አለ። ድሮ ሦስት ሥራ ባንድ ጊዜ የምታስኬደው ሴትዮ አሁን ትንሽ ደብተር ይዛ ትዞራለች። ስልክ እንደዘጋች ወዲያው ትጽፋለች። «ጭንቅላቴ እዚህ ነው ያለው» እያለች ደብተሩን ታሳየናለች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደንበኞቿን የሚያስነጥቅ ምኑ ነው? የሚያስፈልጋት ጠዋት ዘግየት ብሎ መግባት፣ ሲብስባት ከቤት መሥራት፣ ለክትትል ሐኪም ጋ ስትሄድ ደግሞ ፈቃድ አለመለማመጥ ነበር።

ይሄንን በሕግ ያሰሩት አገሮች አሉ። ጀርመን ውስጥ ሐኪሙ ቀስ በቀስ የመመለሻ መርሐ ግብር ያወጣል። ሠራተኛው በቀን በጥቂት ሰዓት ይጀምርና እየጨመረ ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ገና ሕመም ላይ እንዳለ ስለሚቆጠር የሕመም ክፍያው አይቋረጥም። ጣሊያን እ.አ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ፣ የካንሰር ታማሚ ሥራውን ወደ ግማሽ ቀን ማዞር፣ ሲሻለው ደግሞ ወደ ሙሉ ቀን መመለስ መብቱ ነው። የብሪታንያው የ2010 የእኩልነት ሕግ ካንሰርን ምርመራው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ እንደ አካል ጉዳት ይቆጥረዋል። ስለዚህ አሠሪው ሥራውን ለሠራተኛው እንዲመች የማስተካከል ግዴታ አለበት። እኔ በተለይ የጣሊያኑን ወድጄዋለሁ። መመለሻውን በር ክፍት ትቶታል።

«አምስት ሠራተኛ ያለኝ ሰው ስምንት ወር ወንበር ባዶ ላስቀምጥ ወይ?» የሚል አሠሪ ይኖራል። እውነቱን ነው፣ አይችልም። ተተኪ ይቅጠር። ግን ለጊዜው መሆኑን ለተተኪውም ለታማሚዋም ከመጀመሪያው ይንገራቸው። እኛ ቢሮ አንድም ሰው ይሄን አልተናገረም። እሷ ተኝታ ስትታከም፣ እኛ ደንበኞቿን ለዘለቄታው ተከፋፈልን።

ሌላም ጥፋት አለ፣ የዚህ ግልባጭ። ወራት ሲያልፉ ፀጉሯ ተመለሰ፣ ፊቷ ሞላ፣ እኛም ረሳነው። አንድ ቀን እስከ ማታ የሚቆይ ሥራ ሰጥተናት ሄድን። ለብዙ ሴቶች፣ የጡት ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚዋጠው የሆርሞን ክኒን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቀጥላል። ሌሊት በላብ የሚያስነሳት ሴት አለች። ያንን ማን ያያል? በመጀመሪያው ወር ሳንጠይቃት ሥራ ቀነስን፣ በስድስተኛው ሳንጠይቃት ጨመርን።

በመጨረሻ እኔው ሄጄ ጠየቅኳት። ስም ዝርዝሩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና «የትኞቹን ልመልስልሽ?» አልኳት። ደብተሯን አወጣች። ጊዜ ወስዳ፣ እስክሪብቶዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ አንድ ባንድ ምልክት አደረገች። አንዱ ስም ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ቀን ከሌት የሚደውል፣ በሳንቲም የሚጨቃጨቅ ደንበኛ ነው።

«እሱን ያዘው» አለችኝ። «ታምሜያለሁ እኮ።»

እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።