ጭስ ማውጫው ይበቃናል፣ ወፍጮው ምን ሊያደርግልን!

እሰይ የእኛ ነገር! የአሮጌው ወፍጮ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ዝም። ውሃ ማፍያ ጋኑ፣ ቦይለሩ፣ በኪሎ ተመዝኖ ሲሸጥ ዝም። ግድግዳው ተንዶ ድንጋዩ ለሰው አጥር ሲጋዝማ ጭራሽ ዝም። ጭስ ማውጫው ብቻውን ሜዳ ላይ ተገትሮ ሲቀር ግን የቅርስ ፍቅራችን ይገነፍላል። ፎቶ ይለጠፋል፣ የምታለቅስ ኢሞጂ ትደረደራለች፣ «አይ የድሮ ሰው!» ይባላል። ከዚህ በላይ ጥበቃ ከየት ይምጣ?

አንዳንድ ነገረኛ ባለሙያዎች አሉ፣ ጭስ ማውጫ ለብቻው ምኑ ነው የሚሉ። ሥራው እኮ ጭስ ማስወጣት ብቻ አልነበረም ይሉሃል። ትኩሱ አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ሲወጣ ከታች ንጹህ አየር በምድጃው በኩል እየሳበ እሳቱን ያነደዋል፣ የረዘመውም ለጉራ ሳይሆን በረዘመ ቁጥር የመሳብ ጉልበቱ ስለሚጨምር ነው፣ እሳቱ ውሃውን ያፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተሩን፣ ሞተሩ ደግሞ ወፍጮውን ያዞራል... ኧረ በቃ! ጭራሽ የገጠሩ ወፍጮ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በወንዝ ይዞር የነበረ ነው፣ እንፋሎት የተጨመረለት ወንዙ ሲጎድል እንዳይቆም ነው፣ ስለዚህ የወንዙን ውሃ የሚያመጣው ቦይም ይጠበቅ ባዮች ናቸው። ማን ታሪክ ጠየቀ? እኛ የፈለግነው ከጀርባችን የሚቆም ረጅም ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የኢንዱስትሪ ቅርስ ተቆርቋሪዎች ሩሲያ፣ ኒዥኒ ታጊል ላይ ተሰብስበው ቻርተር አወጡ። ማሽኑ ወይም ሌሎች አካላቱ ከተነሱ የቅርሱ ዋጋ በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል አሉ። ምቀኞች! እኛ ማሽኑንም ቤቱንም አንስተን በምትኩ የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ሰቅለናል። እዚያ ምን ይፈጭ እንደነበር ሰሌዳው አይናገርም። የመረቁት ባለሥልጣን ስም ግን ከነማዕረጉ ጉብ ብሏል።

ጥገናችንማ እጅ በአፍ ያስጭናል። የድሮ ግንበኞች ጡቡን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ለስለስ ይላል፣ እርጥበት ያስወጣል፣ ግንቡ በነፋስ ሲወዛወዝ አብሮት ትንሽ እሺ ይላል። ይሄ ልስልስነት አላስቻለንም። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሚንቶ ጥርቅም አደረግነው። መውጫ ያጣው ውሃ አሁን በጡቡ ፊት በኩል ይወጣል፣ ጡቡም እየተቀረፈ ይረግፋል። ቀረብ ብለህ ብታየው ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቶ ሲሚንቶው ብቻ እንደ ማር እንጀራ ፈጦ ቀርቷል። ሲሚንቶው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ይመስገነው!

መጉበጡም ውበት ጨመረለት። ከከሰሉ ጭስ የቀረው ሰልፈር ዝናብ ሲያገኝ ማያያዣውን ያሳብጠዋል፣ እርጥቡ ወገን ያብጥና ግንቡን ወደ ደረቁ ያዘነብለዋል። ይህ መጠገን አለበት የሚል ቢመጣ ማን ይሰማዋል? «ለፎቶ ይበልጥ አማረ» ያልን እለት ነገሩ አበቃ።

እንግሊዝ አገር ፍሬድ ዲብና የሚባል ሰው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ያረፈ። ጭስ ማውጫ ላይ እየወጣ መጠገን ሥራው ነበር፣ ማፍረስም እንዲሁ። ሲያፈርስ ከሥሩ ጡቡን እየፈለፈለ በእንጨት ይደግፈውና እሳት ይለቅበታል። እንጨቱ ሲነድ ያ ሁሉ ግንብ ይንኮታኮታል። ሕዝብ ይህን ለማየት ይጎርፍ ነበር። ኖራ ሲለጥፍ ለማየት ግን ማን ሥራ ፈትቶ!

እኛ ጋ ለማፍረሱም ያን ያህል ድካም አያስፈልግም፣ ሲሚንቶው እየሠራበት ነው። በቅርቡ ዙሪያው ታጥሮ «መጠጋት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ጥሩ ተደረገ። ቁመቱ ሙሉውን ፎቶ ውስጥ የሚገባው ከሩቅ ሲነሳ ነው።