«ምንም የለህም» የሚባለው ሕመምተኛ

ወገቡን ለወራት ሲያመው የቆየ ሰው የታዘዘለትን ምርመራ ሁሉ ጨርሶ ሐኪሙ ፊት ይቀመጣል። ኤምአርአዩ ደህና ነው፣ የደም ምርመራውም ደህና ነው። «ምንም የለህም» ይባላል። ለማጽናናት የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን ያንኑ ሕመም ይዞ፣ በላዩ ላይ የአስመሳይነት ጥርጣሬ ተጨምሮበት ይወጣል። ቤት ሲደርስም «ደህና ነህ ተብለህ የለ እንዴ!» የሚለው ይጠብቀዋል። ምርመራ ምክንያቱን አለማግኘቱን ሕመም እንደሌለ አድርጎ መንገር በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው። ከደግነት ጉድለት በላይ ደግሞ የሳይንስ ስህተት ነው።

ብዙዎቻችን ሕመም ከተጎዳው ቦታ ተነስቶ በነርቭ በኩል አንጎል የሚደርስ ነገር ይመስለናል። በነርቭ የሚጓዘው ግን የአደጋ ምልክት ብቻ ነው። በቆዳ፣ በጡንቻና በውስጥ አካላት የተዘረጉ የነርቭ ጫፎች ኃይለኛ ሙቀትን፣ ጫናን እና ከተጎዳ ሕዋስ የሚወጡ ኬሚካሎችን ለይተው ያሳውቃሉ። ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በርበሬ የሚያቃጥለንን ካፕሳይሲንን የሚቀበለው ፕሮቲን ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀትንም እንደሚለይ አሳይተዋል። ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌላው ተመራማሪ ከአርደም ፓታፑሽን ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በዚህ ዘርፍ ባደረጉት ምርምር ነው። ምልክቱ «ያማል» የሚሆነው ግን አንጎል ውስጥ ነው፤ እዚያ እስኪደርስም በመንገዱ ላይ ብዙ ነገር ይገጥመዋል።

የእግር ጣት ከጠረጴዛ እግር ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ልብ ብለን እንይ። መጀመሪያ ስለት ያለው፣ ጭው የሚያደርግ ሕመም ይመጣል። ጥቂት ቆይቶ የሚያቃጥልና የሚጠዘጥዝ ሌላ ሕመም ይከተላል። ሁለቱ በተለያየ መስመር ስለሚመጡ ነው። የመጀመሪያው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር በሚጓዙ ነርቮች፣ ሁለተኛው ደግሞ በሰከንድ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ብቻ በሚጓዙ ቀጫጭን ነርቮች ይመጣል። ያኔ ማንም ሳይነግረን እጃችን ጣቱን ለማሸት ይሄዳል፤ ሲታሽም ቀለል ይላል። ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚህ ማብራሪያ አቀረቡ፦ የመነካትን ስሜት የሚያመጡት ወፋፍራም ነርቮች ህብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመሙን ምልክት ያዳክሙታል፤ ከአንጎል የሚወርድ ትእዛዝም እንዲሁ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ምልክቱ በመንገድ ላይ እንደሚለወጥ ግን ዛሬ የሚከራከር የለም።

ስለዚህ የጉዳት መጠንና የሕመም መጠን እኩል መሆን የለባቸውም። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ፣ ሦስት አራተኛው ገደማ ማስታገሻ እስኪፈልጉ ድረስ እንዳላመማቸው እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፏል። ለወታደሩ መቁሰል ማለት ከሞት ተርፎ ከግንባር መውጣት ነበር። ሌላው ጫፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣው የ29 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ታሪክ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ሚስማር ላይ ዘሎ አረፈ፤ ሚስማሩም ጫማውን በስቶ አለፈ። ትንሽ በተነካ ቁጥር መቋቋም ስላቃተው ሐኪሞቹ ኃይለኛ መድኃኒት ሰጥተው ሚስማሩን ነቀሉለት። ጫማው ሲወልቅ ሚስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፎ ኖሯል፤ እግሩ ጭረት እንኳ አልነካውም። ይህ ሰው አላስመሰለም። አንጎሉ ያየውን አይቶ የደረሰበት ድምዳሜ አመመው።

የወገብ ኤምአርአይም የሚታመነው ከሚገባው በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን 98 ሰዎች መርምሮ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስካቸው በሁሉም ደረጃ ጤናማ ሆኖ የተገኘው 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ምስሉ ላይ ችግር እየታየ የማያመው ሰው ይህን ያህል ከበዛ፣ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ የሚያመው ሰው ለምን ይገርመናል? የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ሊለወጥ ይችላል። ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በእንስሳት ላይ እንዳሳየው፣ ከጉዳት በኋላ በህብለ ሰረሰር ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ንቁ ይሆናሉ። በሰው ላይ ይህ ሲሆን የልብስ መነካካት እንኳ ያማል፤ ቁስሉ ድኖም ሕመሙ ይቀራል። ይህን ለውጥ ኤክስሬይም የደም ምርመራም አያሳየውም።

«የጭንቀት ነው» የሚለውም መልስ እንደ ማሰናበቻ ሲነገር ያናድደኛል። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ ሕመምን እንደሚለውጡ እውነት ነው፤ የሚለውጡት ግን በሥጋና በኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በተደረገ ሙከራ፣ ጥርስ ከተነቀሉ በኋላ መድኃኒትነት የሌለው ነገር ተሰጥቷቸው ሻል ያላቸው ሰዎች፣ የሰውነትን የራሱን ማስታገሻ የሚያግደው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው ሕመማቸው ባሰ። በተስፋ የመጣው እፎይታም ኬሚካል ነበር ማለት ነው።

አስመሳይስ የለም ወይ? አለ። ለእሱ ሲባል ግን እውነተኛውን ታማሚ ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ዋጋው ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ አለባቸው የሚለው ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) ስሙ እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ዓመታት የሚፈጀው፣ አንዱ ምክንያት «የወር አበባ ሕመም ነው፣ ቻይው» ስለሚባል ነው። ማመን ደግሞ ጠንካራ ማስታገሻ መጻፍ ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሕመም እነዚያ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ ከጥቅማቸው ሱሳቸው ያመዝናል፤ ቀስ በቀስ የሚጨምር እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ እንክብካቤና ለሕመምተኛው ሕመሙን በሚገባ ማስረዳት የተሻለ ያስኬዳሉ። ያልታመነ ሰው ግን ይህን ምክር አይሰማም፤ ለምን ይስማ?

ከሁሉም የሚከብደኝ የሕፃናቱ ታሪክ ነው። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳይሰጣቸው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ ነርቫቸው ገና አልበሰለም፣ አያማቸውም ተብሎ። ያማል ብለው መናገር አይችሉም ነበር። ተመራማሪዎቹ አናንድና ሂኪ ተቃራኒውን የሚያሳየውን ማስረጃ ሰብስበው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ አሠራሩም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። የሕመም ጥናት ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው ያመኛል ሲል ሊከበርለት እንደሚገባ፣ መናገር አለመቻልም አለመታመም እንዳልሆነ በማብራሪያው ጽፏል።

ከምርመራ ክፍሉ የምጠብቀው ትንሽ ነገር ነው፦ «ምርመራው አደገኛ ነገር አላሳየም፣ ሕመምህ ግን እውነት ነው፤ ምክንያቱ የነርቮችህ መቆጣት ሊሆን ይችላል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን እንደተሻለህና ምን እንደባሰብህ ንገረኝ» ማለት። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።