ሲሚንቶ የፋሲልን ቅስት ይበላዋል

የፋሲል ግንብ እድሳት በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት ብቅ ይላል፦ ኖራ ጊዜው አልፎበታል፤ የተሰነጠቀውን ቅስት በሲሚንቶ ጥርቅም አድርጎ መድፈን ነው፤ ሲሚንቶ ይጠነክራል። የሚያናድደው እንደ አዲስ ሐሳብ መቅረቡ ነው። ጣሊያን ጎንደርን በያዘበት ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠግኖ ነበር። ጉዳቱ ታይቶ፣ ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥገናዎች ወደ ኖራ ማልታ፣ ማለትም ኖራና አሸዋ ተለውሶ ወደሚሠራው የድንጋይ ማያያዣ ተመለሱ።

ይጠነክራል? አዎ፣ ጣጣውም እሱ ነው። የበርና የመስኮቱ ቅስት የተጠረበው ከቀላ፣ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹ ግንቦች ጣራ የላቸውም፤ የክረምቱ ዝናብ ከግድግዳው አናት ይገባል። መገጣጠሚያው ኖራ ከሆነ ውሃው በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል። ሲሚንቶ ከሆነ ግን መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ውሃው ያሟሟው ጨው ከድንጋዩ ቆዳ ሥር እየደረቀ ይገፋዋል። መጀመሪያ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ ቀጥሎ ድንጋዩ በአውራ ጣት ሲነካ ይረግፋል። በመጨረሻ ድንጋዩ ጎድጉዶ የሲሚንቶው መስመር ብቻ እንደ ጎድን አጥንት ገጥጦ ይቀራል። ሲሚንቶውን በስካርፔሎ (በድንጋይ መሮ) ላውጣህ ቢሉትም የድንጋዩን ጠርዝ ገንጥሎ ነው የሚወጣው።

ቅስት ደግሞ የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። መሠረቱ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ ኖራው አብሮ ይላላል፣ ቅስቱም ቦታውን ይይዛል። ግትሩ ሲሚንቶ አይላላም፤ ክብደቱ ሁሉ ባንድ ጠርዝ ላይ ያርፍና ድንጋዩ ይሰነጠቃል።

ኖራ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህን እቀበላለሁ። ተቃጥሎ ውሃ የጠጣው ኖራ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፤ ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ይለወሳል። መገጣጠሚያው ቢያንስ የስፋቱን እጥፍ ያህል ወደ ውስጥ ይጠረጋል፣ በውሃ ይርሳል። ማልታው ባንድ ጊዜ አይታጨቅም፤ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይገባል። ከዚያ ቢያንስ ለሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ ፀሐይ ካቻኮለው ይሰነጠቃል፣ ዱቄትም ይሆናል። በዚህ ስህተት ኖራውን የሚከሱት ጆንያውን የረሱት ናቸው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም። ፈቃዱ የማልታውን ልክና በእርጥበት የሚቆይበትን ቀን ቁጥር በቁጥር ይጻፍበት፤ ሥራውም ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በጥቅምት ይጀመር። ግቢው ውስጥ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከተገኘ ሥራው በዚያው ቀን ይቁም።